ማሚርኩል የጣለው ቡችላ

ዙራካን በዕድሜዋ የሠራችውን ደግ ነገር ሁሉ የሠራችው በንቀት ነው። ይህን ሐሜተኛ አላወራባትም፤ ራሷ ናት በየድግሱና በየለቅሶው፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የምትናገረው። ኦሮዝን ያገባችው አክስቷ «ይህችን ምላሷ እንደ በግ መሸለቻ የሚቆርጥ ልጅ ማን ደፍሮ ያገባታል?» ስላለች ነው። አገባችው፣ ሞት እስኪለያያቸው ድረስም አብራው ኖረች። በኅብረት እርሻው ዘመን በጎች ለእከክ በሚነከሩበት ገንዳ ላይ የቆመችው፣ ያ ወፍራም አለቃ «ሴት የክሪዮሊን መድኃኒት ሽታ አትችልም፣ ወተት ቤት ትግባ» ስላለ ነው። እርሻው ፈርሶ ቆርቆሮው እስኪዘረፍ ድረስ ከገንዳው ላይ የነቀነቃት አልነበረም። ጓሮዋ ያለውን የአፕሪኮት ዛፍ የተከለችው ደግሞ ጎረቤቷ «እዚህ ከፍታ ላይ አፕሪኮት አይበቅልም» ስላላት ነው። በቀለ። ፍሬው ፊት የሚያጨማድድ ጎምዛዛ ነው፤ እሷ ግን በየዓመቱ በሳህን ሞልታ ለዚያው ጎረቤት ትወስድለታለች፣ በልቶ እስኪጨርስም ቆማ ታየዋለች።

ከናሪን ወንዝ በላይ ባለችው በዚያች መንደር ከዙራካን ንቀት ያመለጠ ሰው አልነበረም። ድርሻው የበዛለት ግን የባሏ ታናሽ ወንድም ማሚርኩል ነው። ማሚርኩል ዕድሜውን የወረዳው ሹም ሾፌር ሆኖ ስለኖረ ራሱ ሹም የነበረ ይመስለዋል። መሪ ጨብጦ ከኋላ ወንበር የሰማውን ሁሉ እንደራሱ አሳብ ያወራል። ነጭ የሱፍ ቆቡን ለእንጨት ፈለጣም ለሠርግም አያወልቅም። ሲናገር ጣቱን ያቆማል። ዙራካንን እንደ አገሩ ወግ «ጄንጌ» ይላታል፣ የታላቅ ወንድሜ ሚስት ማለቱ ነው። ወጉ ደግሞ ለጄንጌ የባሏን ታናሽ ወንድም በቀልድ የመሸንቆጥ መብት ይሰጣታል። ዙራካን ይህን መብት አንድ ቀን እንኳ ሳትጠቀምበት አሳድራው አታውቅም።

አንድ ዓመት በጸደይ መግቢያ ላይ ማሚርኩል ከታላስ አንድ ቡችላ በካፖርቱ ብብት ይዞ መጣ። ለቡችላው በግ አረደ። መንደርተኛው በስጋው ዙሪያ ተቀምጦ እያለ ቡችላውን ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ታይጋን ነው። ንጹሕ ዘር!» አለ ጣቱን አቁሞ። «አባቶቻችን ጥሩ አዳኝ ውሻን ከሰባቱ ሀብቶች አንዱ ነው ይሉ ነበር። የዚህ አባት ብቻውን ተኩላ ጥሏል። አያቱ ደግሞ…»

«አያቱ ደግሞ የወረዳው ሹም ነበር» አለች ዙራካን ሥጋዋን እያላመጠች።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ማሚርኩልም የግዱን ሳቀ። ቡችላውን «ሱልጣን» ብሎ ሰየመው፤ አንገቱ ላይ ቀይ የቆዳ ማሰሪያ አሰረለት፤ ደረቱ ላይ አስተኝቶ በስልክ ፎቶ ተነሳ። በእንግድነት የመጡት የቀድሞ አለቃው፣ ጡረተኛው ሹም፣ ጭን ላይም አስቀምጦ አብሯቸው ተነሳ። ፎቶው በዘመድ አዝማዱ ስልክ ሁሉ ዞረ። ዙራካን ስልክ ባይኖራትም ሰዎች አምጥተው አሳዩዋት።

«ከሦስቱ የትኛው ነው ቡችላው?» ብላ ጠየቀች።

በረዶው ቀልጦ ጭቃው ሲነሳ ፎቶው ቆመ። ሱልጣን ቀንና ሌት ማከክ ጀመረ። የጆሮዎቹ ጠርዝ ቅርፊት አወጣ፤ ክርኖቹና ሆዱ ተመለጡ። ማሚርኩል መጀመሪያ «የክረምት ፀጉሩን እየለወጠ ነው» አለ፤ አንድም ክረምት ያላየ ቡችላ የሚለውጠውን ፀጉር ከየት እንዳመጣ ግን አልተናገረም። ቀጥሎ የትራክተር ነጂው «የተቃጠለ ዘይት ቀባው፣ አባቴ እንደዚያ ያደርግ ነበር» ስላለው፣ ከትራክተሩ ሆድ የወጣውን ጥቁር ዘይት ከአናቱ እስከ ጭራው ለቀለቀው። ከዚያ በኋላ ስለ ሱልጣን ማውራት ተወ። ሰው ሲጠይቀው ወሬ ይለውጣል። የተኩላ ገዳዩ ልጅ ከሰው አፍ ጠፋ።

ዙራካን ያገኘችው ለሌላ ጉዳይ ሄዳ ነው። ያዋሰቻቸውን የወተት ባልዲ ልትወስድ ማሚርኩል ግቢ ገባች፤ ሰው ስታጣ ባልዲዋን ፍለጋ የድንጋይ ከሰል ማስቀመጫውን ከፈተች። ባልዲዋን ከበሩ ሥር አግኝታ ስታነሳ፣ ከከሰሉ ጥግ አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ድመት የሚያክል፣ በዘይት የተለወሰ፣ ዓይኑ ብቻ የሚያበራ ነገር። ቀዩን ማሰሪያ ባታይ ኖሮ አይጥ ነው ብላ በባልዲው ልትመታው ነበር።

የማሚርኩል ሚስት ሳልታናት እየሮጠች መጣች። ሁልጊዜ ይቅርታ የምትጠይቅ የምትመስል፣ ድምፅዋ ከሻይ ጀበና እንፋሎት የማይበልጥ ሴት ናት።

«ኤጄ፣ በፈጠረሽ፣ አላየሁም በይ» አለች፤ ታላቅ እህቴ ማለቷ ነው። «ዛሬ ነገ ይሞታል ብሎ ነው እዚህ ያስቀመጠው። ወንዝ ወስደሽ ጣዪው አለኝ፤ አልቻልኩም። እጄ አልሄደልኝም።»

ማሚርኩል በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ጄንጌ፣ በሰው ግቢ ምን ትጎረጉሪያለሽ?»

«ባልዲዬን። አንተስ እዚህ ምን ደብቀሃል? ሱልጣኑ ከዙፋኑ ወርዶ ከሰል ቤት ገባ?»

«የታመመ ውሻ ነው፤ የማይድን። ውሻ አውቃለሁ እኔ!»

«ታውቃለህ እንጂ። ከአንድ እናት ባትወለዱም ትመሳሰላላችሁ።» ቡችላውን በቆዳ ማሰሪያው ይዛ አነሳችውና ባልዲው ውስጥ ከተተችው። «ይህን እወስደዋለሁ። ውሻ አደርገውና ደጅህ ላይ አመላልሰዋለሁ። ያኔ ያንን ጣትህን ወዴት እንደምታቆማት አያለሁ።»

«ውሰጂው! እከኩም ይዞሽ ይሂድ! ለእከካም ውሻ እከካም አሮጊት!»

ዙራካን መልስ አላጣችም፤ ግን ባልዲው ከበዳትና መንገዷን ቀጠለች። ቡችላው በባልዲው ውስጥ ሳይጮኽ፣ ባልዲው በተወዛወዘ ቁጥር እያከከ ሄደ።

ቤቷ ስትደርስ ማሰሪያውን ፈትታ ምድጃ ውስጥ ወረወረችው። ስሙንም ለወጠችለት። «ኮቱር» አለችው፤ እከኩ ማለት ነው። ዘይቱን በሞቀ ውኃና በሳሙና ስታጥብለት፣ ከሥሩ ቀይና የተሸበሸበ የሽማግሌ ቆዳ ወጣ። «እንዲህ ያለ አስቀያሚ ፍጥረት በሕይወቴ አላየሁም» አለችው። «የማሚርኩል ሠርግ ላይም ነበርኩ።»

ከበግ ላት የቀለጠ ስብ ከድኝ ጋር ለውሳ ቀባችው። እናቷ እንደዚያ ስታደርግ ታውቃለች። ቡችላው ግን ስቡ ጣፈጠው፤ ራሱን ከጭራው እስከ እግሩ ላሰና ምንጣፏ ላይ አስታወከ። ደግማ ቀባችው፤ ደግሞ ላሰ። አፉን በጨርቅ ብታስረው በእግሩ አወለቀው። ሳምንታት አለፉ፤ ማከኩ አልቀነሰም። ይባስ ብሎ ጎረቤቶች ለምክር መምጣት ጀመሩ። አንዱ ነጭ ጋዝ አለ፤ አንዷ የትንባሆ ውኃ አለች። ሌላው ታላስ ድረስ ሄደሽ ከእናቱ ጋር ካላስተኛሽው አይድንም አለ። ዙራካን ሁሉንም ሻይ እየሰጠች ሰደበቻቸው።

ከበታች ባለው ትልቁ መንደር የከብት ሐኪም መኖሯን ያነሳላትም ነበር። ቤርሜት ትባላለች፤ ትምህርቷን ጨርሳ ከከተማ ከመጣች ብዙ አልቆየችም። ዙራካን አንድ ቀን ገበያ ላይ አይታት «በዚያ በተቀባ ጥፍር ላም ልታዋልድ ነው? ጥጃው ሲወጣ ሠርግ ላይ ያለ ይመስለዋል» ብላ ገበያተኛውን አስቃበታለች። ስለዚህ «እኔ በሺህ የሚቆጠር በግ ከእከክ ያዳንኩ ሴት፣ ለአንድ ቡችላ ለዚያች ልጅ እግሯ ሥር ልወድቅ?» አለች።

ከወለሉ እንጨት ሥር ያስቀመጠችው የክሪዮሊን ጠርሙስ ነበር። እርሻው ሲፈርስ ሌላው ቆርቆሮና ሞተር ሲዘርፍ እሷ የያዘችው ይህንኑ ነበር። ስትከፍተው ያ የወጣትነቷ ሽታ ቤቱን ሞላው። በመታጠቢያ ሳፋ ውኃ አሞቀች፤ እጇ እንደለመደው ለበግ በሚሆነው ልክ ጨመረችበት፤ እንዲያውም ጠርሙሱ አርጅቷል፣ ጉልበቱ ደክሟል ብላ ትንሽ አከለችበት። ቡችላውን እስከ አንገቱ ነከረችው።

«እንዲህ ነው ሥራ» አለችው። «ማሚርኩል ይምጣና ይማር።»

ከሰዓት በኋላ ቡችላው ያልረባ መስሎ ተኛ። ቀጥሎ ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር። ከዚያ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ። ወተት አፉ ላይ ብታደርግለት በጎን ፈሰሰ። ጆሮውን ብትነካው በረዶ ነው።

ዙራካን በለበሰችው የሱፍ ሰደርያ ጠቀለለችውና መንገድ ወጣች። ከሰል የጫነ መኪና አስቁማ ተሳፈረች። ሾፌሩ ምን እንደያዘች ቢጠይቃት «የባለሥልጣን ልጅ ነው፣ ቶሎ ንዳ» አለችው። መንገዱን ሙሉ በሆዷ ማሚርኩልን ስትረግም ሄደች፤ ከሰል ቤት ጥሎት፣ ዘይት ለቅልቆት፣ ወንዝ ጣዪው ብሎ። የወንዙ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ግን እርግማኑ አለቀባት። ማሚርኩል ቡችላውን ጥሎታል እንጂ አልገደለውም። ቢሞት የገደለችው እሷ ነች። ሰደርያውን ከፈት አድርጋ አየች። እየተነፈሰ ነው። እንደገና ከደነችው።

ቤርሜት በሩን ከፍታ አየቻት።

«ጥፍሬን የሰደቡት እርስዎ ነዎት አይደል፣ አፓ?» አለች። ልጆች ትልልቅ ሴቶችን እንደሚጠሩት ነው፤ ድምፅዋ ግን እንደ ልጅ አልነበረም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ነገም እሰድበዋለሁ። አሁን ግን ይህን ያዢ።»

ቤርሜት ቡችላውን ተቀብላ አሸተተችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ክሪዮሊን! በምን ያህል ውኃ?»

«በበግ ልክ።»

«ይህ በግ ነው?»

ዙራካን የራሷን እጅ አሸተተች።

«አፓ፣ የበግ ሱፍና የበግ ቆዳ ሌላ ነው። ይህ ሕፃን ነው፤ ቆዳውም ቁስል ነው፤ ደግሞ ልሶታል። መርዝ ነው ያጠጡት። ይቁሙና ፎጣውን ይያዙልኝ!»

ዙራካንን «ይያዙልኝ» ብሎ ያዘዛት ሰው ከነበረ ከብዙ ዘመን በፊት ሞቷል። ያዘች። ቤርሜት በሞቀ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ደጋግማ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ከቆዳው ሥር በመርፌ ፈሳሽ ሰጠችው፣ የሞቀ ውኃ የተሞላ ጠርሙስ ከጎኑ አስተኛች። ሁለቱም ቁጭ ብለው ጠበቁ። ሲመሽ መንቀጥቀጡ ቀነሰ። ኋላም ኮቱር አንዱን ዓይኑን ከፈተ፣ የኋላ እግሩን አነሳ፣ አከከ።

«አይ የማይረባ» አለች ዙራካን። ፎጣውን ግን እስከ አንገቱ ሳበችለት።

ቤርሜት ያን ጊዜ የጆሮውን ጠርዝ በጣቶቿ መሃል አሻሸችው። የኋላ እግሩ ወዲያው በአየር ላይ መጋለብ ጀመረ። «አዩት? ይህ የእከክ ምልክት ነው» አለች። ከክርኑ ቅርፊት በምላጭ ፋቅ አድርጋ፣ መስታወት ላይ ዘይት ጠብ አድርጋበት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ «ይምጡ፣ ይዩ» አለች።

ዙራካን አንድ ዓይኗን ጨፍና አጎነበሰች። በብርሃኑ መሃል ክብ፣ ሆዳም፣ እግሯ ከሆዷ ያነሰ ነገር ትንፏቀቃለች።

«ማሚርኩልን ትመስላለች» አለች።

ቤርሜት ማን እንደሆነ ባታውቀውም ሳቀች። ነገሩን አስረዳቻት። እነዚህ ከቆዳው ሥር ዋሻ እየቆፈሩ የሚኖሩ ናቸው፤ ስቡና ድኙ ክፉ አልነበረም፣ ቡችላው ስለላሰው ነው ያልሠራው፤ አሁን ሰውነቱ ከመርዙ ሲያገግም ማጅራቱ ላይ፣ ምላሱ በማይደርስበት ቦታ፣ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ታደርግለታለች፤ የተፈለፈለው ሁሉ እስኪያልቅም ይደገማል። የተኛበት ምንጣፍ ይቃጠል፣ ልብሱ ይቀቀል፣ ቡችላው እንቁላልና የሥጋ መረቅ ይብላ። ይህን ስትናገር ዙራካን ክንዷን ታክ ነበር።

«ክንድዎን ያሳዩኝ።»

«ቁንጫ ነው።»

«ቁንጫ አይደለም። ከእሱ ነው የተላለፈብዎት። አይፍሩ፣ በሰው ቆዳ ላይ አይራቡም፤ ውሻው ሲድንና ልብስ ሲቀቀል ይጠፋሉ። እስከዚያ ግን እሱን ያቀፈ ሁሉ ያሳክከዋል።»

ዙራካን ማከኳን አቆመች።

«ያቀፈ ሁሉ?»

«ያቀፈ ሁሉ።»

«ደረቱ ላይ አስተኝቶ ፎቶ የተነሳስ?»

«እሱማ ደረቱን ያከዋል።»

ዙራካን ከዚያ ቤት ስትወጣ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ ነበር።

ማሚርኩል ግን ቀደማት። ቡችላው ሐኪም ቤት መግባቱን እንደሰማ መንደሩን እየዞረ «ጤነኛ ውሻ ወስዳ እከካም አደረገችው» ይል ጀመር። «ለራሷም ተርፋለች፤ ቤቷ አትግቡ፣ ሻይዋን አትጠጡ።» ሰው አመነው። ምላሷን የሚፈሩ ሁሉ እሷን የሚርቁበት ምክንያት አገኙ። ዙራካን በር ላይ ሲያልፉ ሰላምታ ከሩቅ የሚሰጡ በረከቱ። እሷ ጓሮዋ ውስጥ በትልቁ ድስት ልብስ ስትቀቅል፣ ምንጣፍ ስታቃጥል፣ ጭሱን እያዩ «እውነት ነው» ተባባሉ።

በዚያው ሰሞን ከወንዙ ማዶ አንድ ዘመዳቸው ልጁን ዳረ። የምርቃቱንና የንግግሩን ተራ የሚመራው እንደ ሁልጊዜው ማሚርኩል ነበር። ዙራካንም ሄደች፤ ከጎኗ የተቀመጡት ወዲያና ወዲህ ፈቀቅ ሲሉ ሰፊ ቦታ ስለተለቀቀላት ተመቻችታ ተቀመጠች። ከማሚርኩል ቀኝ ጡረተኛው ሹም ተሰይመዋል።

ማሚርኩል ኩሚስ የተባለውን የኮመጠጠ የፈረስ ወተት በጎድጓዳ ሳህን ይዞ ተነሳ። «ወገኖቼ!» አለ ጣቱን አቁሞ። «ጋብቻ ማለት…» ግራ እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። አከከ፤ መለሰው። «ጋብቻ ማለት እንደ ታላቅ ተራራ…» እጁ ተመልሶ በሸሚዙ ቁልፍ መሃል ገባ። ድንኳኑ ውስጥ ሙቀት ነበር፤ ኩሚሱም ሞቅ አድርጎታል። ማሳከክ በሙቀት እንደሚብስ ያላወቀው እሱ ብቻ ነው። «ተራራ… ማለቴ…» ሳህኑን በሌላ እጁ ይዞ ጎኑን፣ ብብቱን፣ ሆዱን ያከው ጀመር። ሹሙ በሐፍረት አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸውም ግን በጠረጴዛው ሥር ጭናቸውን እያከኩ ነበር።

 ዙራካን ቦርሶክ የተባለውን የተጠበሰ ሊጥ በሻይ አጣቅሳ ዋጠችና ተናገረች።

«ሁለቱ እኮ ዕድሜ ልካቸውን እከክልኝ ልከክልህ ሲባባሉ የኖሩ ናቸው። እስከ ዛሬ በስውር ነበር እንጂ።»

ሳቁ ከሴቶቹ በኩል ተነስቶ ድንኳኑን አናወጠው። ሙሽራዋ እንኳ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ማሚርኩል በርበሬ መሰለ።

«አንቺ ነሽ!» አለ። «ካንቺ ቤት ነው የመጣው! ደህናውን ውሻ ወስደሽ በሽታ ያራባሽው አንቺ ነሽ!»

ያን ጊዜ ነው ሳልታናት የተነሳችው። ሻይ የምትቀዳበትን ጀበና ይዛ ነበር፤ መሬት አስቀመጠችው።

«ከእኛ ቤት ነው» አለች።

ድምፅዋን ከዚያ በፊት የሰማው ሰው ጥቂት ስለነበር ሁሉም ዞሮ አያት።

«ኤጄ ሳትወስደው በፊት እኔ ሆዴን እያከክሁ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ነገርኩህ። ‹ዝም በይ፣ የማሚርኩል ቤት እከክ ገባ እንዳይባል› አልከኝ። ውሻውን ከሰል ቤት አስገባህ። ወንዝ ጣዪው አልከኝ። ዝም አልኩ። አሁን ግን ያሳክከኛል፣ ሰው ፊትም እያሳከከኝ ነው፣ አልዋሽም!» ይህን ብላ በሰው ሁሉ ፊት ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስኪበቃት አከከች።

ዙራካን ለማሚርኩል ያዘጋጀችው ሌላ ስድብ ነበራት፤ አልተናገረችውም። ተነስታ ሳልታናትን በክርኗ ያዘችና ከጎኗ፣ በዚያ ሰፊ ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። በማግስቱ ራሷ ወደ ቤርሜት ወሰደቻት፤ ቤርሜትም ወደ ሰው ሐኪም ቤት ልካ ቅባት አሰጠቻት። መንገድ ላይ ግን «እስከ ዛሬ ይህ ሁሉ አፍ የት ነበረሽ? አንቺን ስንቅ የኖርኩበትን ዘመን ማን ይመልስልኛል?» እያለች ስትነዘንዛት ሄደች።

በጋው ለኮቱር መልካም ሆነ። መድኃኒቱ ተደገመ፤ ቅርፊቱ ረገፈ፤ ሆዱ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ ለስላሳ ፀጉር ታየ፤ ቀጥሎ ክርኖቹ፣ በመጨረሻ ጆሮዎቹ ለበሱ። ዙራካን ላሟን ስታልብ አጠገቧ ይቀመጣል። እሷ ደግሞ ስታልብ ንግግር ታጠና ነበር። ማሚርኩል ውሻው አምሮበት ሲያይ «አንቺ ዘንድ በአደራ ነበር» ብሎ ሽማግሌ ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ይህን ያህል ታውቀዋለች። ያን ቀን የምትለውን ቃል በቃል አዘጋጅታለች። መጀመሪያ ሻይ ትሰጠዋለች። እስኪጨርስ ታዳምጠዋለች። ከዚያ ከሾፌርነቱ ጀምራ፣ በከሰል ቤቱ አልፋ፣ ደረቱን ሲያክ እስከዋለበት ድንኳን ድረስ ቀስ ብላ ትወስደዋለች። ላሚቱ ንግግሩን በቃሏ ሳትይዘው አልቀረችም።

ማሚርኩል በእርግጥም መጣ። ሣሩ ቢጫ ሲሆን፣ ከተራራው በጎቹ ሲወርዱ፣ ቱርዳኩን የሚባሉ የታወቁ አዳኝ አስከትሎ ግቢዋ ገባ። ቱርዳኩን ቃል የሚቆጥቡ፣ ሰው ሰላም ሲሉ ዓይናቸው ከእንስሳው ላይ የማይነሳ ሰው ናቸው። ዙራካን ሻይ አቀረበች። ስኳሩንም በሳህን አድርጋ ወደ ማሚርኩል ገፋችለት።

ማሚርኩል ጉሮሮውን ጠረገ። «ጄንጌ፣ እንግዲህ እንደምታውቂው ይህ ታይጋን…»

«ታይጋን?» አሉ ቱርዳኩን። ተነስተው ኮቱርን ዞሩት። ደረቱን ዳበሱ፣ ጭራውን አነሱ፣ ለቀቁት። «ጭራው እንደ ታይጋን ጫፉ ላይ ቀለበት የለውም። ማጭድ ነው። ደረቱ በርሜል ነው። እናቱ ታይጋን ልትሆን ትችላለች። አባቱ ግን አጥር የዘለለ የበግ ውሻ ነው።» ተመልሰው ሻይዋን ጠጡ። «በእግሩ ጥንቸል ቀርቶ ዶሮ አይደርስም።»

ማሚርኩል ፊቱ ጠቆረ፤ ወዲያው ደግሞ በራ። የተታለለ መሆኑ ካሳፈረው ይልቅ ከዚህ ውሻ መገላገሉ አስደሰተው።

«በቃ እንግዲህ!» አለ እየሳቀ። «ያንቺው ነው ጄንጌ። እኔ የመጣሁት ለሰላምታ ነው። ከሰል ቤት ያስገባሁትም ለዚህ ነበር፤ ዘሩን ጠርጥሬ! ውሻ አውቃለሁ እኔ።»

ዙራካን አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ ንግግር «አልሰጥህም» በሚል የሚጀምር ነበር። ስጪኝ ያላት ግን የለም። ሳህኑ ውስጥ ያለውን ስኳር አየች፤ ቱርዳኩንን አየች፤ አፏን ዘጋች። ማሚርኩል በሩን ወጥቶ፣ አጥሩን ዞሮ፣ ሳቁ እስኪርቅ ድረስ ለዚያ ሰው አንድ ቃል ሳትመልስለት የሄደበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ውሻው ዞረች። «አንተም ብትሆን» አለችው፣ «ጫፉ ላይ ትንሽ ማጠፍ ምን ያቅትህ ነበር?» ኮቱር ጭራውን ነቀነቀ። ማጭድ ነው፣ ምንም አይካድም። ብዙ ቀን ተኮሳተረችበት። መረቁን ግን አልቀነሰችበትም፤ አጥንቱንም እንደ በፊቱ ሰበረችለት።

ክረምቱ ሲገባ ቤርሜት ላሞች ልትከትብ ወደ መንደሩ ወጣች። ዙራካን ቤትም ሻይ ልትጠጣ ገባች። ኮቱር ትከሻው ሰፍቶ፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ብሎ በሩ አጠገብ ተጋድሟል። ቤርሜት ጆሮውን አሻሸችው፤ የኋላ እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

«ከላይኛው ግጦሽ አንድ እረኛ ውሻ ፈልጊልኝ ብሎኛል» አለች። «ደግ ሰው ነው። ለበግ የሚሆን ነው ይሄ፤ ይሰጡታል?»

«ይህን?» አለች ዙራካን። «አውራ ዶሮ የሚፈራ፣ ቀኑን ሙሉ የሚያንኮራፋ፣ የሦስት ሰው የሚበላ? ተኩላ ቢመጣ ሻይ የሚያቀርብለት እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰነፍ ልኬ እረኛው ይርገመኝ? አላደርገውም።»

«እረኛው ያስተምረዋል፣ አፓ።»

«ምን ያስተምረዋል! ልብ የለውም። መረቅ ካልሞቀ አይበላም። ቅዝቃዜም አይችልም፤ ሆዱ ገና አልጠነከረም።»

ቤርሜት ሻይዋን ጨርሳ፣ ከረጢቷን አንስታ ሄደች። በረዶ መጣል ጀምሮ ነበር። ኮቱር እሷን ሊሸኝ ተነሳና ደፍ ላይ ሲደርስ በረዶውን አየ፤ ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ ሆኖ ቆመ። ነፋሱ በዙራካን ቀሚስ ሥር ገባ።

«ግባ ወይ ውጣ!» አለችው። «አንተን ብሎ ውሻ! ቤቱን በረዶ ልታደርገው ነው?»

አልገባም፤ አልወጣምም። አፍንጫውን ከፍ አድርጎ የሚወርደውን በረዶ ያሸታል። ዙራካን እየተሳደበች በሩን በእጇ ይዛለት ቆመች።